ጉዳዩ፦ በ1930 ዓ.ም. ፋንታ በ1930 እ.ኤ.አ. ስለተፈለገው የቅድመ አያታችን የሞት መዝገብ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

የቅድመ አያታችንን የሞት መዝገብ ከጣሊያን ፈልጋችሁ እንድታመጡልን የተዋዋልነውን ውል ይዘትና የተከፈለውን ገንዘብ ከፋይላችሁ ታገኙታላችሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

«በ1930 በተደረገ ፍለጋ የተጠቀሱት ግለሰብ የሞት መዝገብ አልተገኘም» የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ ደርሶናል። አይገኝማ! ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ቅድመ አያታችን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 1937 እ.ኤ.አ.) ጭፍጨፋ በኋላ ወደ ጣሊያን ከተጋዙት ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ የታሰሩት ሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው የጣሊያን ደሴት፣ አዚናራ ላይ ነው። ቅጻችሁ ላይ «ጥቅምት 1930 ዓ.ም.» ብለን ሞላን። እናንተ «ዓ.ም.» የሚለውን ጣል አድርጋችሁ ለጣሊያኑ ማዘጋጃ ቤት «ኦክቶበር 1930» ብላችሁ ጻፋችሁ። የእኛ ጥቅምት 1930 ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 1937 ያለው ነው።

ይህንኑ በስልክ ሳስረዳ ባልደረባችሁ የሰጡኝ መልስ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። «ቀኑን የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ፤ እኛ የተሰጠንን ነው የምንፈልገው» አሉኝ። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ሳነሳ ደግሞ «እሱን ማስላት የእኛ ሥራ አይደለም» አሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የኢትዮጵያውያንን ሰነድ ከጣሊያን አስመጣለሁ ብሎ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ሥራው ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? በመጨረሻም «መቼ እንደሞቱ እንኳ በትክክል አታውቁም እኮ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ብናውቅማ እናንተ ዘንድ ምን አመጣን?

ቀኑ መርዶው የተሰማበት ሊሆን እንደሚችል በቅጹ ማብራሪያ ላይ ጽፈናል። መርዶ ከሞት ይዘገያል እንጂ አይቀድምም፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ከፌብሩዋሪ 1937 ጀምሮ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ያለው መዝገብ ነው። የቀረው ውኃ መውቀጥ ነው።

ቦታውም ቢሆን ተስቷል። በጣሊያን ሞት የሚመዘገበው ሰውየው በሞተበት ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ነው። አዚናራ የፖርቶ ቶሬስ ኮሙኔ ናት፤ እናንተ የጻፋችሁት ግን ሰርዲኒያ ውስጥ ላለችው ለሳሳሪ ከተማ ብቻ ነው። ሳሳሪ ትክክል የሚሆነው ታመው እዚያ ሆስፒታል ገብተው ከሞቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም መጠየቅ ነበረባቸው። ከግዞተኞቹ መካከል በኋላ ወደ ሌሎች የጣሊያን ከተሞች፣ ወደ ሎንጎቡኮ፣ መርኮሊያኖና ቲቮሊ የተወሰዱ መኖራቸውንም ልትዘነጉት አይገባም ነበር። ደግሞ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ነው የሚዘጋጀው፤ አንዱ ኮሙኔው ዘንድ ይቀራል፣ ሌላው ለፍርድ ቤት ገቢ ሆኖ በኋላ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይሄዳል። በውላችን «ሁለቱንም ቅጂ እናያለን» ብላችኋል። ሁለተኛውን ስለማየታችሁ በደብዳቤያችሁ አንድም ቃል የለም።

ስሙን በተመለከተ፣ ከፓስፖርታችን ላይ የገለበጣችሁትን አንድ አጻጻፍ ብቻ ልካችኋል። የዚያን ጊዜ ጸሐፊ የጻፈው በጣሊያንኛ ጆሮው እንደሰማው ነው። «ወልደ» በደብሊው ሳይሆን በዩ፣ «ኃይለ» ኤች ተውጦ በኤ፣ «ከበደ» በኬ ሳይሆን በሲ ኤች ሊገባ ይችላል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል፤ «ፊታውራሪ» የሚለው ማዕረግ ራሱ በኤፍ ሥር እንደ ስም ተመዝግቦ ቢገኝም አይገርምም። ለዚህ ነው የመዝገቡ መጨረሻ ላይ ያለው የፊደል ተራ ማውጫ ፎቶ ተነስቶ እንዲላክልን ከመጀመሪያው የጠየቅነው። እስረኛና የሆስፒታል ሕመምተኛ ሲሞት በተቋሙ ማስታወቂያ በሞት መዝገቡ ክፍል ሁለት፣ ምድብ ቢ ስለሚገባ ክፍል አንድን ብቻ ገልጦ «የለም» ማለት አይቻልም።

ካነሳሁት አይቀር፣ ቀድሞ በዝምታ ያለፍናቸውም አሉ። ለቴምብር ብላችሁ 16 ዩሮ አስከፍላችሁናል፤ የጣሊያን የሞት ሰርተፍኬት ግን ከቴምብር ቀረጥ ነፃ ነው። የወራሾችን ሁሉ ውክልና ካላመጣችሁ ሙሉ ግልባጩ አይሰጥም አላችሁን፤ መዝገቡ 70 ዓመት ካለፈው ግን ይህ ገደብ ይነሳል፣ የ1937ቱ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. አልፎታል። ከሁሉ የከነከነን «የእስረኞቹ አፅም ያረፈበት» ብላችሁ ያያያዛችሁት ፎቶ ነው። ያ ሕንፃ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አዚናራ ላይ ያለቁት የኦስትሮ ሀንጋሪ ምርኮኞች አፅም የተሰበሰበበት ነው፤ የተሠራውም በ1936 እ.ኤ.አ.፣ የእኛዎቹ ደሴቲቱን ከመርገጣቸው በፊት። ቤተሰቡ ፎቶውን አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነበር።

ስለዚህ ለፖርቶ ቶሬስና ለሳሳሪ አዲስ ጥያቄ፣ በትክክለኛው ዓመትና በሁሉም አጻጻፍ፣ ያለተጨማሪ ክፍያ በ15 ቀን ውስጥ እንዲላክ፤ የላካችሁትም ጥያቄ ግልባጭ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። መዝገቡ ከተገኘ ኮፒያ ኢንተግራሌ የሚባለው ሙሉ ግልባጭ፣ ካልተገኘ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ያለበት «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይሰጠን። በእናንተ ደብዳቤ ብቻ አናምንም። 16 ዩሮው ይመለስ፤ ስልክ የዘጉብኝ ባልደረባችሁም ከዚህ በኋላ ፋይላችንን ባይነኩት እመርጣለሁ።

ይህ ካልሆነ ሙሉ ክፍያችን እንዲመለስ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አቤት እንላለን።

ከሰላምታ ጋር
የቤተሰቡ ተወካይ