«ባለበት ሁኔታ» የሚሸጥ ቶርኖ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጨረታ ገጾቻችሁ ላይ «ያገለገለ የቶርኖ ማሽን፣ ብዛት 1፣ ባለበት ሁኔታ» የምትል መስመር ደጋግማ ትወጣለች። ከሥሯ የሲፒኦ መጠን፣ የሰነድ ዋጋና የመክፈቻ ሰዓት ይከተላል፤ በቃ። ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ምን ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ እንደሚይዝ፣ ሞተሩ ስንት ኪሎ ዋት እንደሆነ፣ ከነምን ዕቃው እንደሚሸጥ አይጻፍም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ ለእንዲህ ያለው ጨረታ ሰነድ የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጋራዥ ወይም አንዲት ትንሽ ብረታ ብረት ቤት ያለው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው አስነስቶ፣ አስኪዶ፣ አፉን ገልጦ ሳያይ ብር አይቆጥርም። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ግን አዲስ ቀለም ስለተቀባ ብቻ ሲገዛ እናያለን።

ማሽኑን ለማየት ከመሄድ በፊት ሥራው ይታወቅ። በእኛ አካባቢ ቶርኖ ቤት የሚመጣው የእህል ወፍጮ ዘንግ፣ የፓምፕ ዘንግና ቡሽ፣ ፑሌጃ፣ የአይሱዙ የፍሬን ታምቡር፣ የተበላ የኩሽኔታ መቀመጫ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና የሚቆረጥ፣ አልፎ አልፎም የውሃ ቱቦ ፊሌቶ (እንደ ብሎን ያለ ጥርስ) ነው። ለዚህ በ400 ሚሊሜትር ስፋትና ዘንጉን ከሁለት ጫፍ በሚይዙት ሹል ሴንተሮች መካከል 1000 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ማሽን ይበቃል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ ለመሥራት ያሰበ ግን 1500 ይፈልግ፤ ወይም የስፒንድሉ (ሥራውን የሚያዞረው፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ዘንግ) ቀዳዳ ሰፊ የሆነውን ይምረጥ፤ ረዥም ዘንግ ወደ ኋላ የሚያልፈው በዚያ ነውና። የቻይናው ሲኤ6140 ቀዳዳ 52 ሚሊሜትር ነው። አሮጌዎቹ የሶቪየት 1ኬ62 ማሽኖች ከዚህ የጠበበ አላቸው። «400» የሚለው ቁጥርም ያታልላል፦ 400 የሚሆነው ከቤዱ (ከማሽኑ ረዥም የብረት መደብ) በላይ ነው፤ መቁረጫውን (ቱሉን) ወደ ሥራው ከሚገፋው መስቀለኛ ተንሸራታች በላይ ሲኤ6140 የሚያሳልፈው 210 ያህል ብቻ ነው። ትልቅ ታምቡር በቻክ (በስፒንድሉ ጫፍ ባለው ባለ ጥርስ መያዣ) ይዘው የውስጡን ሊቆርጡ ይችላሉ፤ 250 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ረዥም ነገር ግን ቱሉን ተሸክሞ በቤዱ ላይ የሚሄደው ካሬጅ አያሳልፈውም።

ማሽኑ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በመጋዘን ውስጥ፣ ኃይል ተቋርጦ ነው። ኃይል የለም ተብሎ ግን ሳይፈተሽ አይመለስም፤ ከባዱ ጉድለት ያለ ኃይል የሚገኘው ነውና። ይዘው የሚሄዱት የእጅ ባትሪ፣ ካሊፐር፣ ባለ ማግኔት መቆሚያ ዳያል ጌጅ (የሚሊሜትር መቶኛ የሚያነብ ባለ ቀስት መለኪያ)፣ ትንሽ ማግኔት፣ ናፍታ የነከረ ጨርቅና ግማሽ ሜትር የሚሆን ጠንካራ የእንጨት ዘንግ ነው።

ዋናው ቤዱ ነው። ካሬጁ የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች እኩል አይበሉም። አጫጭር ሥራ ስለሚበዛ ከቻኩ ፊት ያለው ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይጎደጉዳል፣ በቴልስቶኩ (ከቻኩ ትይዩ ሆኖ ዘንጉን ከሌላው ጫፍ የሚደግፈው) በኩል ያለው ጫፍ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይቀራል። ግራሶውንና ቆሻሻውን በናፍታ ጠርጎ በጥፍር ሐዲዱን አቋርጦ መዳሰስ፤ ካሬጁ በሚደርስበትና በማይደርስበት መሀል ደረጃ ካለ ጥፍር ይይዘዋል። ከዚያ ካሬጁን ቻኩ አጠገብ አምጥቶ የመቆለፊያ ብሎኑን ጥቂት፣ በእጅ ሲጎተት ከበድ እስኪል ብቻ፣ ማጥበቅ። አሁን ወደ ቴልስቶኩ ይሂድ። እስከ ጫፍ በአንድ ክብደት ከሄደ ደህና ነው፤ መሀል ላይ ደርሶ ከተቸነከረ ቻኩ ፊት ያለው ሐዲድ ሳስቷል ማለት ነው። መጠኑን ለማወቅ የዳያሉን ማግኔት ካሬጁ ላይ ተክሎ ጫፉን ካሬጁ በማይነካው የቤዱ ገጽ ላይ አሳርፎ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው።

የሚነበበው ቁጥር ግን በትክክል ይተርጎም። የ50 ሚሊሜትር ዘንግ ሲቆረጥ ቱሉ 0.1 ሚሊሜትር ወደ ታች ቢወርድ የዘንጉ ውፍረት የሚለወጠው ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር በታች ነው። ወደ ጎን 0.05 ቢሸሽ ግን ውፍረቱ ላይ 0.1 ይሆናል፤ የጎኑ ስሕተት በእጥፍ ይቆጠራል። የፊተኛው ሐዲድ ከኋለኛው ይበልጥ ስለሚበላ ካሬጁ ያዘነብላል፣ ቱሉም ወደ ጎን ይሸሻል፤ ክፉው መበላት ይህ ነው። ስለዚህ በፊተኛውና በኋለኛው ሐዲድ ላይ ለየብቻ ይለካ። በእኛ ግምት እስከ 0.1 የወረደ ቤድ ለጋራዥ ሥራ አያሳፍርም። የ6208 ኩሽኔታ ስፋት 18 ሚሊሜትር ነው፤ በእሱ መቀመጫ ርዝመት ላይ የቤዱ ስሕተት እዚህ ግባ አይባልም። በአንድ ውፍረት አንድ ሜትር የሚሄድ ዘንግ ለማውጣት ግን ያው ማሽን አይሆንም፣ ባለሙያው በአሸዋ ወረቀት ሲያባብል ይውላል። ከ0.3 ካለፈ ሐዲዱ በግራይንዲንግ ማሽን መታረም አለበት፤ ያ ደግሞ ማሽኑን ፈታቶ፣ ቤዱን ጭኖ መሄድና መመለስ ማለት ስለሆነ ዋጋው ቢረክስም ባይነካ ይሻላል።

ሁለተኛው ስፒንድሉ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቻኩን ይዞ ወዝውዞ «ይንቀሳቀሳል» ብሎ ይሄዳል። የቻክ ጥርስ መበላት የማሽኑ ጥፋት አይደለም፤ ቻክ ይለወጣል። ዳያሉ የሚያርፈው በራሱ በስፒንድሉ አፍንጫ ላይ ነው። የእንጨቱን ዘንግ በቀዳዳው አስገብቶ ወደ ላይ መጫን፣ መልቀቅ፣ ማንበብ። 0.01 ወይም 0.02 ቢል ጤነኛ ነው። 0.05 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። የላላ ከሆነ ከኋላ ያለውን ዳዶ በማጥበቅ ይመለሳል። ያለቀ መሆኑን የሚናገረው ደግሞ እጅ ነው፦ ካምቢዮውን ኒውትራል አድርጎ ስፒንድሉን በቀስታ ሲያዞሩ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር ከተሰማ ኩሽኔታ መቀየር የግድ ነው። የትላልቆቹ ማሽኖች የፊት ኩሽኔታ ልዩ የትክክለኛነት ደረጃ ያለው ነው፤ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገኘውን ተራውን ያስገባ ሰው የሚቆርጠው ዘንግ ክብ አይሆንለትም።

ሦስተኛ የራስጌውን (ስፒንድሉ ያለበትን ጫፍ) ካምቢዮ ክዳን ማስከፈት። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ የዘይቱን መፍሰሻ ጥቂት ማላላት። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ማግኔት ሲነከር የሚይዘው ልሙጥ ብናኝ የተለመደ መበላት ነው፤ ስንጣሪ ከመጣ ጥርስ ተሰብሯል። የፍጥነት ማንሻዎቹን አንድ በአንድ እያስገቡ ስፒንድሉን በእጅ ሙሉ ዙር ማዞር፤ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ የሚመታ ካለ የተሰበረው ጥርስ እሱ ነው። ጎድሎ የማይገባ ፍጥነትም እንዲሁ ይታወቃል። አንድ ጊር በሚሊንግ ማሽን ማስቆረጥ ይቻላል፤ ሦስትና አራት ሲሆን ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀለል ይላል። የሊድ ስክሩው (ፊሌቶ ሲቆረጥ ካሬጁን የሚጎትተው ረዥም ብሎን) ፊሌቶ ቻኩ አጠገብና በዳር በኩል በካሊፐር ይለካ፤ የቻኩ በኩል ከሳሳ ረዥም ፊሌቶ ሲቆረጥ ዳዶው መሀል ላይ ይነክሳል። መስቀለኛው ተንሸራታች ሳይነቃነቅ እጀታው ስንት መስመር እንደሚዞር ይታይ። 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ለአሮጌ ማሽን ደንብ ነው። ከ1 ሚሊሜትር ቢያልፍ እንኳ የነሐስ ዳዶው እዚሁ ስለሚሠራ አያስደነግጥም። ቴልስቶኩ ወደ ቻኩ ቀርቦ ሁለቱ የሴንተር ጫፎች ይተያዩ፤ ዝቅ ካለ ከሥሩ ቀጭን ላሜራ ይገባለታል።

ከማሽኑ ይልቅ የሚረሳው ዕቃው ነው። ባለ አራት ጥርስ ቻክ፣ ስቴዲ ረስት (ረዥም ዘንግን መሀሉ ላይ የሚደግፍ)፣ የፊት ሳህን፣ የቻክ ቁልፍና የመለዋወጫ ጊሮች መኖራቸው ይጠየቅ። ያለ ስቴዲ ረስት ረዥም የፓምፕ ዘንግ አይሠራም፤ ያለ አራት ጥርስ ቻክ የተጣመመ የወፍጮ ዘንግ አይሠራም። የውሃ ቱቦ ፊሌቶ ለሚቆርጥ ደግሞ የኢንች ነገር አለ። የግማሽና የሦስት ሩብ ኢንች ቱቦ በኢንች 14 ጥርስ፣ የአንድ ኢንችና ከዚያ በላይ ያለው 11 ጥርስ ነው። ሲኤ6140 በማንሻ ይቆርጠዋል። ማንሻ የሌለው የሚሊሜትር ማሽን ግን 127 ጥርስ ያለው ጊር ይፈልጋል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነና በ5 ሲባዛ 127 ስለሚመጣ ነው። ያ ጊር ከጠፋ ማሽኑ ትክክለኛ የኢንች ፊሌቶ አያውቅም።

የተቃጠለ ሞተር ማሽን አያስጥልም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ሞተር የሚጠቀልል አለ። የስም ሰሌዳው ግን ይነበብ። 7.5 ኪሎ ዋት የሦስት ፌዝ ሞተር በ380 ቮልት 15 አምፔር ያህል ይወስዳል፣ ሲነሳ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። በአንድ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ያለ ሰው «ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር እገጥምለታለሁ» ብሎ ራሱን አያታልል፤ ያ የሚያዋጣው ለ2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። ከሳዑዲ የመጣ ማሽን 60 ኸርዝ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 50 ነው። ሰሌዳው 460 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል ሞተር በእኛ 380 ላይ በሰላም ይሠራል፣ ፍጥነቱ ብቻ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። 380 ቮልት 60 ኸርዝ የሚለው ግን ይግላል። ደሴ ላይ ከሆነ የባሰ ነው፤ የሞተሮች የሰሌዳ ኃይል የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ሲሆን ደሴ ወደ 2500 ሜትር ነች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዝም። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ የሚያቋርጥ ሪሌይ ደግሞ ከጠቅላላው የሞተር ጥቅልል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ኃይል ካለ አንድ ሙከራ ይበቃል። 40 ሚሊሜትር ዘንግ ከቻኩ 150 ሚሊሜትር ወጥቶ፣ በቴልስቶክ ሳይደገፍ፣ በሁለቱ ጫፍ ላይ በ0.1 ጥልቀት ይቆረጥና ሁለቱ ይለኩ። ልዩነቱ 0.02 ከሆነ ይወሰድ። ከዚያ ካለፈ ማሽኑ የቆመበት ወለል ጠምዝዞት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቤዱ ላይ አይፈረድ፤ ከላይ የተገኘው የሐዲድ ልኬት ይመሳከርበት። ከባድ ቁርጥ ሲሰጠው ሞተሩ እየዞረ ስፒንድሉ ከቆመ ፍሪክሽን ክላቹ ነው፤ ማስተካከያ አለው።

ዋጋ ሲሞላ ደግሞ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ብሎ መጠየቅ፣ ማሽኑ ከሻጩ ግቢ የሚነሳበትን ቀነ ገደብ ማንበብ፣ ክሬኑንና መኪናውን መደመር። ሲነሳ ካሬጁ ወደ ቴልስቶኩ ይገፋ፣ ማሽኑ በራስጌው በኩል ይከብዳልና። ገመዱ በቤዱ ሥር ይለፍ፣ በሊድ ስክሩው ላይ እንዳያርፍም በጣውላ ይከፈት። በተጠማዘዘ ሊድ ስክሩ የተበላሹ ጤነኛ ማሽኖች ጥቂት አይደሉም። መኪናው ላይ በወፍራም ጣውላ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ባለው የሐረጎ መንገድ መጠምዘዣዎች ላይ ገመድ ብቻውን አያስተማምንም።

የምንጠይቃችሁ ቀላል ነው። የማሽን ጨረታ ማስታወቂያ ስትቀበሉ አስነጋሪው የስም ሰሌዳውን ጽሑፍ፣ ከቤድ በላይና ከተንሸራታች በላይ ያለውን ስፋት፣ በሴንተሮች መካከል ያለውን ርዝመት፣ የስፒንድል ቀዳዳውን፣ የሞተሩን ኪሎ ዋት፣ ቮልትና ኸርዝ፣ አብሮ የሚሸጠውን ዕቃ ዝርዝር፣ በዕይታው ቀን ኃይል መኖር አለመኖሩን እንዲጽፍ ጠይቁልን። በጠቅላላው አራት መስመር ቢሆን ነው፤ የመስመሩን ዋጋ ሻጩ ይክፈል።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የቶርኖ ባለሙያዎች