የጠፉት ስለተጠሉ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድሮ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ እንግዶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚገማመቱባቸው ፕሮግራሞች የተረሱት ተመልካች ስለሰለቻቸው ነው ተብሏል። ይህ ስሕተት ነው፤ መታረም አለበት።

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1967 ያሳየውን «ጁክ ቦክስ ጁሪ» እንውሰድ። አዲስ የወጣ ሸክላ ይዘፈንና ዳኞቹ ይወደዳል ወይም አይወደድም ብለው ይፈርዳሉ፤ ከተወደደ ደወል፣ ካልተወደደ ጡሩምባ ይሰማል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1963 አራቱም ቢትልሶች ለዳኝነት ተቀምጠው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አይቷቸዋል። ምስሉ ግን አልተረፈም። ሕዝብ ሰልችቶት ነው እንዳይባል፣ ከዚያ በላይ የታየ ነገር ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ቴፑ ነው። ያኔ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበት የምስል ቴፕ 2 ኢንች ስፋት ያለው፣ ዋጋው የማይቀመስ ነበር፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከታየ በኋላ ይደመሰስና ሌላ ይቀዳበታል። ቴፕ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በቀጥታ የሚተላለፈውን ለማቆየት የፊልም ካሜራ ከሞኒተር ፊት ደቅኖ መቅረጽ ያስፈልግ ነበር። ከተዋንያንና ከሙዚቀኞች ማኅበራት ጋር የተገባው ውልም ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር። ቀለም ሲመጣ ጥቁርና ነጩን የሚፈልገው ጠፋ። ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን በወጉ ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1963 የእንግዳን ሥራ በአዎና በአይደለም ጥያቄ የሚያስገምተው «ዋትስ ማይ ላይን»ም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም።

ከሁሉም በላይ መታወስ የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው፣ ለአንድ እንግዳ ቃል ከሚቀርቡ ሦስት ትርጉሞች እውነተኛው የሚገመትበት «ኮል ማይ ብላፍ» ነው። ከ1967 ጀምሮ ሮበርት ሮቢንሰን መሐል ተቀምጦ ይመራው ነበር። በአንድ በኩል ፓፒዮን የማይለየው ፍራንክ ሚዩር፣ በሌላው ፓትሪክ ካምቤል የቡድን አለቆች ነበሩ። ካምቤል አንደበቱ ይያዝ ነበር፤ እውነቱንም ውሸቱንም ሲናገር ስለሚያዝ፣ ከንግግሩ ፍንጭ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ይቸገራል። ሰውየው ያንን አለመደበቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ጨዋታ ለመመለስ ቴፕ አያስፈልግም። ስድስት ሰው ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል፤ ሰባተኛው ይመራል። መሪው ከመዝገበ ቃላት ማንም የማያውቀውን ቃል ያወጣል። ለምሳሌ «ሊሪፓይፕ» እንበል። አንዱ በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ከቆባቸው ላይ የሚንጠለጠል ረጅም ጭራ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የረግረግ ወፍ ነው ይላል፤ ሦስተኛው የመርከብ ፉጨት። እውነቱ የመጀመሪያው ነው። ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ይመርጣል፤ ካገኘ ነጥቡ የእሱ ቡድን፣ ካላገኘ የተናጋሪዎቹ ነው። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እንዲገምት ስድስት ቃል ይበቃል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እውነቱ የደረሰው ሰው መዝገበ ቃላቱን ቃል በቃል ካነበበ ወዲያው ይነቃበታል፤ በራሱ አነጋገር አርዝሞ ማውራት አለበት። ውሸቶቹም በጣም ካሳቁ ማንም አያምናቸውም። ሦስቱ ትርጉሞች ከአንድ ዘርፍ ከሆኑ፣ ማለትም ሦስቱም ወፍ ከሆኑ፣ ጨዋታው ይፈዛል። እውነቱን ማን እንደሚይዝ ቡድኑ ሳይሆን ዕጣ ይወስን፤ አለዚያ ሁሌም ለአንደበተ ርቱዑ ይሰጥና ተቃራኒው በሦስተኛው ዙር ይባንናል።

በአማርኛ የሚሞክር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቃሎቻችን ሥራቸውን ያሳብቃሉ፤ «መጥረጊያ» እና «መቁረጫ»ን የመሰለ አወጣጥ ያለው ቃል፣ ግሡ ባይታወቅ እንኳ መሣሪያ ወይም ቦታ መሆኑ አይሰወርም። ከግስ ያልወጣ ስም፣ የእጽ፣ የአውሬ ወይም የጥንት ልብስ ስም ይመረጥ። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለዚህ በቂ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ