እማ፣ ዓይንሽ ገና አልዳነም

ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በስልክ ስጠይቅሽ «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔ ተርፏል» ትይና ወሬ ትቀይሪያለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። እህቴ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ።

እርጥቡ እንጨት ላይ ያፈሰስሽው ላምባ ቦግ ሲል ዓይንሽን ቶሎ መጨፈንሽ በጀሽ። እሳቱ የበላው የዓይንሽን ቆብ ነው፤ ብሌንሽ ተረፈ። ፊትሽ በሰዓታት ውስጥ አብጦ ዓይንሽ ሲደፈን ሁላችንም ደነገጥን። እብጠቱ ጎድሎ ማየት ስትጀምሪ ደግሞ ቤቱ እልል አለ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

እህቴ «እማ ስትተኛ የቀኝ ዓይኗ አይገጥምም፣ ነጩ ይታያል» አለችኝ። የተቃጠለ ቆዳ እየሻረ ሲሄድ ይኮማተራል። ያኔ ቆቡን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ይህ የሚታየው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። አያቴ ፀጉር ሲወጋት በወረንጦ ስትነቅይላት ትዝ ይልሻል? የእሷ ቆብ ወደ ውስጥ ነበር የታጠፈው፣ ያንቺ ወደ ውጭ ነው። ጣጣው ግን ያው ብሌኑ ላይ ነው። ያልተከደነ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል። ቁስሉ ካመረቀዘ ብሌኑን ሊበሳው፣ ዓይንሽንም ሊያጠፋው ይችላል። እማ፣ «አሸዋ የገባበት ይመስለኛል» ያልሽኝ ቀላል ነገር አይደለም። እንባው አለመቆሙ፣ ብርሃን ማስጠላቱም እንደዚያው።

ሐኪሙ ቢጫ ቀለም ጠብ ያደርግልሽና በሰማያዊ መብራት ያይሻል። የቆሰለ ቦታ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ዓይኑን የሚያረጥብ ቅባት ያዝልሻል። ቆቡ በጣም ከተጎተተ ከጆሮ ጀርባ ቆዳ ወስደው ሊተክሉበት ይችላሉ። ይሄን ሰምተሽ እንዳትቀሪብኝ። አብሽሪ፣ አጠገብሽ ነኝ።

እስከዚያ ቅቤም ማርም አታስነኪው። ከጎረቤት የተዋስሽውን ጠብታም ተይው፤ አንዳንዱ ጠብታ የቆሰለ ዓይን ላይ ሲገባ ያባብሳል። በራስሽ እጅ በፕላስተር ለማጣበቅም እንዳትሞክሪ።

ደብዳቤውን ያመጣው ልጅ ነገ ጠዋት ወደ ደሴ ይመለሳል። አብረሽው ነይ። መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ቀጥታ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ዓይን ሕክምና እንሄዳለን። ላሟን እህቴ ታልባለች፣ በሷ አታሳቢ። ጥቁር መነጽር ልኬልሻለሁ፤ መንገድ ላይ ለአቧራውና ለነፋሱ አድርጊው።

ልጅሽ፣ ከደሴ