አልቅሼ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጠዋት ቢሮ ስገባ ዓይኔ ዙሪያውን አብጦ ነው። አዲስ የመጣ ባልደረባ ሁሉ «ምነው፣ ስታለቅሺ አደርሽ እንዴ?» ይለኛል። አላለቀስኩም። ማታ ማታ የምውጠው ክኒን ነው የሚያሳብጠኝ።

የደም ካንሰር ታማሚ ነኝ። ዘንድሮ 9ኛ ዓመቴ። ስለ ካንሰር የምትጽፉትን አንድም ሳላልፍ አነባለሁ፤ ወይ «ይህን ያህል ብር ያስፈልጋታል» ነው፣ ወይ «ካንሰርን ድል ነሳች» ነው፣ ወይ የቀብር ዜና። እኔ አንዱም ውስጥ የለሁም። አልዳንኩም፣ አልሞትኩምም። ሰው «ዳንሽ?» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ይጠፋኛል። ስኳር ያለበት ሰው «ስኳር አለብኝ» ብሎ ያልፋል። እኔ «ካንሰር አለብኝ» ካልኩ ቤቱ ጸጥ ይላል።

በታመምኩ በመጀመሪያው ዓመት እቁብተኞቹ ዕጣዬን ወደ መጨረሻ ገፉት። ወስዳ ትሞትብናለች ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ዛሬ የዚያው እቁብ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

የያዘኝን ዓይነት ሐኪሞቹ ሲ.ኤም.ኤል. ይሉታል። በሴላችን ውስጥ ዘረመል ከሚሸከሙት ክሮሞሶሞች የ9ኛውና የ22ኛው ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ የሚመጣ ነው፤ ከወላጅ አይወረስም። የምውጠው ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን በአሜሪካ የተፈቀደው እንደ ፈረንጆቹ በ2001 ነው። ከዚያ በፊት በሽታው ብዙውን ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወስድ ነበር። አሁን መድኃኒቱ በደንብ የሠራለት ሰው ዕድሜው ከጤነኛው ብዙም አያንስም። እኔ የማገኘው በእርዳታ፣ በነፃ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ሁሉም ካንሰር እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጨረር ወረፋ የሚጠብቁ እህቶቼ ጣጣ ሌላ ነው።

የኔ ጣጣ መንገዱና አለቃዬ ናቸው። በየ3 ወሩ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስቼ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ እወርዳለሁ። ለምርመራ ደም እሰጣለሁ፣ ክኒኔን እቀበላለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «አንቺ ይሄን ሕክምና እስካሁን አልጨረስሽም?» ይላል። ከጎኔ የሚቀመጠውን ልጅ ግን «ኢንሱሊኑን አልጨረስክም?» ብሎት አያውቅም።

«ደህና ሆንኩ» የሚለው ስሜት ደግሞ ራሱ አደገኛ ነው። ወረፋ ላይ የተዋወቅኳት አንዲት ልጅ ደምሽ ተስተካክሏል ስትባል ክኒኑን ትታ ጸበል ገባች። ስትመለስ ጣፊያዋ አብጦ ቀሚሷ አልዘጋ ብሏት ነበር። እኔም ጸበል እጠጣለሁ፣ እጾማለሁም። ክኒኑ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው የሚወሰደው፤ ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ሐኪሜን አማክሬ ከእራት በኋላ አደረግኩት፤ ዐቢይ ጾምንም እንዲሁ አለፍኩ። ይህቺን የምታህል ነገር የሚነግራቸው አጥተው ያቋረጡ አሉ።

ይሄን ትምህርት እኮ አንድ ጊዜ ወስደነዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር ሰዉ «ሞት» ይለው የነበረውን በሽታ «መድኃኒት ጀመረ» ማለት ለመደ። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ደክሞበታል። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው ያስተማሩ አባቶችም ነበሩ። ለኛስ?

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ጥር ላይ ነው። ጋዜጠኛ ብትልኩ ደስ ይለኛል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ለጨዋታ ጊዜ አለን። ዓይናችን ያበጠውን ፈልጉ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን