የተራራው ማረፊያ ቤት ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጅማና በአካባቢዋ ቅዳሜና እሑድ በቡድን ተራራ የመውጣት ልማድ በወጣቶች ዘንድ እየሰፋ መጥቷል። ከዚሁ ጋር በከተማችን የተራራ ጉዞ ክበብ ይቋቋም፣ በየተራራውም ትንንሽ ማረፊያ ቤቶች ይሠሩ የሚል ሐሳብ አብረን በምንጓዝ ሰዎች መካከል ደጋግሞ ሲነሣ ቆይቷል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም አንድም ድንጋይ ሳይጣል በፊት መልስ ሊያገኝ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚጠብቀው፣ የሚጠግነውና ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የደረሰብን ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ አሥራ አንድ ሆነን ወደ አንድ ተራራ ስንወጣ ዝናቡ አብቅቷል ብለን ነበር፤ የጅማ ዝናብ ግን መስከረም ሲጠባ በር ዘግቶ የሚሄድ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዶፍ ወረደብን። ከዓመታት በፊት በፕሮጀክት ገንዘብ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ በመንገዳችን ላይ እንዳለ ስለምናውቅ ወደዚያው ሮጥን። ስንደርስ በሩ ተነቅሏል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ግማሹ የለም፣ ወለሉም የከብት ማደሪያ ሆኗል። የአካባቢውን ሰዎች ልወቅስ አልችልም። ኋላ እንደነገሩን ቤቱ ሲሠራ ያማከራቸው አልነበረም፤ ካለቀም በኋላ ቁልፉ የተቀመጠው ከተማ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ነበር።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ መጀመሪያ ክፉኛ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎ መንቀጥቀጡ ቆመና ንግግሯ መጎተት ጀመረ። ይህ ብርዱ ወደ ውስጥ መዝለቁን የሚያሳይ አደገኛ ምልክት ነው። ያተረፉን አንድ አባወራና ባለቤታቸው ናቸው። እናት እርጥቡን ልብስ አስወልቀው በጋቢ ጠቀለሏት፤ ስትነቃቃም ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጧት። ጠዋት ገንዘብ ብንዘረጋ የመሸበት እንግዳ አይከፍልም ብለው መለሱልን። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ አዲሱ በቆሎ ገና ጎተራ ባልገባበት ወቅት አሥራ አንድ ሰው የአንድን ቤተሰብ ቀለብ በላን። እንዲህ ያለው ደግነት በየሳምንቱ መጠየቅ የለበትም። ማረፊያ ቤት የሚያስፈልገውም ለተጓዡ ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ባላገሩን ከዚህ ሸክም ለማሳረፍ ጭምር ነው።

ብርዱን የሚያቃልሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ቡና በሚበቅልበት አገር ማን በብርድ ይጎዳል ይላሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ በኦሞ ናዳ በኩል ያለው የማይጉዶ ተራራ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ይነሣል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከከተማ በሸሚዝ የወጣ ሰው ላይኛው ጫፍ ላይ የሚጠብቀው አየር ከከተማው በስምንት ዲግሪ ገደማ የበረደ ነው፤ ነፋስና የራሰ የጥጥ ልብስ ሲጨመሩበት ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የተመሠረተው የስዊዘርላንድ የአልፕስ ክበብ የመጀመሪያ ጎጆውን በዚያው ዓመት ሠራ፤ ዛሬ 150 ያህል ማረፊያዎች አሉት፤ ባለቤቶቻቸውም በየአካባቢው ያሉት የክበቡ ቅርንጫፎች ናቸው። ከአሠራራቸው ሁለት ነገር ይማርከኛል። አንደኛው፣ ጠባቂው በማይኖርበት የበረዶ ወራት እንኳ በብዙዎቹ ጎጆዎች ምድጃና ብርድ ልብስ ያለው አንድ ክፍል ለመንገደኛ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው መዝገቡ ነው፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ስሙንና ቀጥሎ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይጽፋል፤ ሰው ሲጠፋ ፍለጋው የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ነው። በቅርባችንም እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመው የኬንያ የተራራ ክበብ በኬንያ ተራራ ላይ ጎጆዎች ሠርቷል። በአገራችን ደግሞ በሰሜን ወሎ፣ በመቄት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች ተጓዦችን ተቀብለው ሲያስተናግዱ ቆይተዋል፤ ለእኛ የሚቀርበው አርአያ ይኸኛው ይመስለኛል።

ለነገሩ የጋራ ንብረት እንዴት እንደሚጠበቅ ከዕድር የበለጠ የሚያስተምረን የለም። የዕድር ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ዕቃ ጠባቂ ስላለው፣ የሰበረም ስለሚተካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ነገ እኔም እፈልገዋለሁ ብሎ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ ያሉት አባወራዎችና እማወራዎች የክበቡ ሙሉ አባላት ይሁኑ፤ የከተማው አባል መዋጮውን በገንዘብ፣ እነርሱ በጥበቃና በጥገና ይክፈሉ፤ የአዳር ክፍያውም በግልጽ መዝገብ ተይዞ ለሁለቱም ወገን በየጊዜው ይነበብ። ቁልፉ ከቤቱ አቅራቢያ በሚኖር አባል እጅ ይሁን። በበለጤ-ጌራ ደን ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና የሚባሉት የደን አስተዳደር ማኅበራት ነዋሪው ደኑን እየጠበቀ እንዲጠቀም የተቋቋሙ ናቸውና፣ በዚያ በኩል ክበቡ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ ከእነርሱ ጋር ቢዋዋል ይሻላል።

ስለ ግንባታው ብዙ አልልም። ለአሥራ ሁለት ሰው የምትበቃ፣ ከባሕር ዛፍ ማገርና ከጭቃ የተሠራች ቤት ትበቃናለች። ጣሪያዋ ግን ቆርቆሮ ይሁን፤ የዝናቡን ውኃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ለማውረድ ያመቻል። መጸዳጃው ከምንጭ ርቆ፣ ከምንጩም በታች ይቆፈር። ማገዶ ከደን መቁረጥ በመተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ ይከልከል፤ ተጓዥ ቡታጋዙን ይዞ ይውጣ፣ የያዘውን ፕላስቲክም ይዞ ይውረድ።

ክበቡን ለመመሥረት የምትንቀሳቀሱ ወገኖቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመመሥረቻው ስብሰባ በከተማ አዳራሽ ሳይሆን እዚያው ተራራው ሥር፣ የቡና ለቀማው ካበቃ በኋላ፣ የገበያ ቀን ባልሆነ ዕለት ይጠራ፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይካሄድ። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት መዋጮዬን ይዤ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ