የአውቶ መካኒክ ክበብ ዘገባ፦ የሚተኩሰው ሞተር

ክበባችን በዚህ ዓመት 14 አባላት የነበሩት ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የሠራነው በአንድ መኪና ላይ ነው። መኪናው ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል)፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈልቀው የካንዴላው እሳት በፑንቲና (የኤሌክትሪክ መስመሩን በሚከፍትና በሚዘጋ መገናኛ) የሚሠራ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልገባበት የቆየ ሞዴል ነው። ሞተሩ ያለችግር ይነሣል፤ ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ ግን እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል፤ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣም እንደገና ይተኩሳል። አባላቱ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ካርቡሬተሩ ይታጠብ፣ ካንዴላው ይለወጥ፣ ገመዶቹ ይለወጡ እያሉ የየራሳቸውን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቦቹ በራሳቸው ስሕተት አልነበሩም፤ ነገር ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በውል ሳናውቅ አንዲት ብሎን እንኳ እንዳትፈታ ወሰንኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በማዳመጥ ብቻ አሳለፍን። በሩን ከፍተን፣ የእሳት ማጥፊያውን በቅርብ አስቀምጠን፣ ሁለት ተማሪዎች ከኋላ በማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በኩል፣ ሁለት ደግሞ ከሞተሩ ጎን ቆሙ፤ አንድ ተማሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነዳጅ እየረገጠ ይለቃል። ውጤቱ ያልጠበቅነው ነበር፤ አንድ ችግር የመሰለን ነገር ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሲረገጥ የሚሰማው አጭርና ደረቅ ድምፅ ከአየር ማጣሪያው ሥር ይወጣል፤ ሲለቀቅ የሚሰማው ደግሞ ወፍራም ሆኖ ከማርሚታው ይመጣል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው መቃጠል ያለባቸው ሁለቱም ቫልቮች (የማስገቢያውና የማስወጫው በሮች) በተዘጉበት ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ የማስገቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ሳለ እሳት ከተገኘ ነበልባሉ ወደ ካርቡሬተሩ ይመለሳል፤ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ከተቀጣጠለ ደግሞ ማርሚታው ይተኩሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አወጣን፦ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይነካም፤ ከመነካቱ በፊትና ከተነካ በኋላ የተሰማው በመዝገብ ይሰፍራል።

የማርሚታው ብዙ አላደከመንም። የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ክፍል) ከቱቦው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ የጥቀርሻ መስመር ታየ፤ ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሐል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ድብልቁ በቅጡ አይቃጠልም፤ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ትኩስ ቱቦ ውስጥ ገብቶ አየር ብቻ ይጠብቃል፤ ያንን አየር ደግሞ የተበሳው መጋጠሚያ ከውጭ ይስብለታል። ጓርኒሲዮኑ ሲለወጥ ተኩሱ በጣም ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

ወደ ፑንቲናው የወሰደን ይኸው የቀረው ተኩስ ነው። የአምራቹ መመሪያ 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ሲጠይቅ የእኛው 0.2 እንኳ አልሞላም ነበር። በዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘንግ ላይ የሚፋተገው የፑንቲናው እግር ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፤ እሳቱም ይዘገያል፤ የማስወጫው ቫልቭ ሲከፈት ድብልቁ ገና እየነደደ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያ ክፍተቱን አስተካከልን፤ ቀጥለን ታይሚንጉን (እሳቱ የሚነሣበትን ቅጽበት) በታይሚንግ መብራት፣ ማለትም ከእሳቱ ጋር ብልጭ እያለ በሚዞረው የሞተር ክፍል ላይ ያለውን ምልክት በሚያሳይ መብራት፣ አየን። ክፍተቱ በተነካ ቁጥር ታይሚንጉም ስለሚንቀሳቀስ፣ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ለመሥራት ይገደዳል።

በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ የደረሰብንን በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። የሲሊንደሮቹን ግፊት ለመለካት አራቱንም ካንዴላዎች ስናወጣ ገመዶቹ ላይ ምልክት እንዲደረግ አላዘዝኩም። ልኬቱ መልካም ነበር፤ አራቱም ሲሊንደሮች የተቀራረበ ግፊት ስለሰጡ ቫልቮቹንና የፒስተን ቀለበቶቹን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣናቸው። ገመዶቹን መልሰን ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ስናዞር ግን ሞተሩ መነሣቱን ትቶ ከፊትም ከኋላም ተኮሰ። የአየር ማጣሪያውን በቦታው መልሰን ስለነበር ነበልባሉ ወደ ውጭ አልወጣም፤ ማጣሪያው አቧራ ከመያዙ ሌላ የሚሰጠው ይህ ጥበቃ ነው። ሞተሪኖ በሚዞርበት ጊዜ ማንም ሰው ፊቱን ከካርቡሬተሩ በላይ እንዳያደርግ የምወተውተውም ስለዚሁ ነው።

የ2ኛውና የ3ኛው ሲሊንደር ገመዶች ተቀያይረው እንደነበር ያገኘችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ያገኘችውም ሞተሩን ሳትነካ በሰሌዳ ላይ ነው። አራት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ሠርታ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት የሚሉትን ምቶች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሞላች። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። 3ኛው ማመቁን ሲጨርስ፣ 2ኛው ጭሱን አስወጥቶ እየጨረሰ የማስገቢያ ቫልቩ መከፈት ይጀምራል። ለ3ኛው የታሰበው እሳት በተቀያየረው ገመድ በኩል ለ2ኛው ሲደርሰው ክፍት በር ያገኛል፤ ወደ ካርቡሬተሩ ይተኩሳል። በ3ኛው ውስጥ የታመቀው ድብልቅ ደግሞ እሳት ሳያገኝ እንዳለ ወደ ማርሚታው ይወጣል። ሠንጠረዡ የፊቱንም የኋላውንም ተኩስ በአንድ ጊዜ ስላብራራ፣ በዚያ ቀን ከእኔ ገለጻ የበለጠ አስተማሪ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ገመድ ቁጥሩ የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበታል።

ገመዶቹ ከተስተካከሉ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማው የመጀመሪያው ደረቅ ተኩስ እንደነበረ ቀረ። የማስገቢያው ማኒፎልድ ከውጭ አየር ይስብ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ በዝግታ እየሠራ በመጋጠሚያዎቹ ዳር የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀባን፤ የሞተሩ አሠራር አልተለወጠም፣ ውኃውም አልተሳበም። ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማጣሪያው ተነሥቶ፣ አንድ ተማሪ ስሮትሉን (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተውን የአየር መግቢያ ክዳን) በእጁ ሲከፍት ሌሎቹ በባትሪ መብራት ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ተመለከቱ። ደኅና ካርቡሬተር በዚህ ጊዜ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ይረጫል። የእኛው አፍንጫው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ አንጠልጥሎ ቀረ።

ይህን ቤንዚን የሚረጨው ትንሽ ፓምፕ ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም ጠየቁ። ስሮትሉ በድንገት ሲከፈት አየሩ ወዲያው ይገባል፤ ከአየር የሚከብደው ቤንዚን ግን ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል። በክብደት ሲለካ 1 እጅ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 እጅ ያህል አየር ይበቃዋል፤ በዚያች ቅጽበት አየሩ ከዚህ እጅግ በልጦ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ የማስገቢያው ቫልቭ ዳግመኛ ሲከፈት ሲሊንደሩ ውስጥ ገና ያልጠፋ ነበልባል ሊኖር ይችላል፤ አዲስ የሚገባውን ድብልቅ ያቀጣጥለዋል። ፓምፑ ያቺን የቅጽበት ጉድለት የሚሞላ ነው። ፈትተን ስናየው ስሱ የጎማ ዲያፍራም ጤነኛ መሰለ፤ በሁለት ጣት ወጠር አድርገን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስናነሣው ግን ከዳር እስከ መሐሉ የሚደርስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብርሃን አሳለፈ። አዲስ ዲያፍራም ሲገባ ጅረቱ ተመለሰ።

በመጨረሻው የሥራ ቀናችን ሞተሩን አሙቀን ነዳጁን 10 ጊዜ በድንገት ረገጥን፤ ከካርቡሬተሩ አንድም ተኩስ አልተሰማም። ሲለቀቅ ግን ከማርሚታው አንድ ደካማ ተኩስ ተሰማ። በታይሚንግ መብራቱ ሥር ምልክቱ አንድ ቦታ ረግቶ መቆም ሲገባው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ በጣት ሲገፋ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ መጠን የፑንቲናው ክፍተት ይለዋወጣል። በመዝገባችን የመጨረሻ ገጽ ላይ የሰፈረውም ይኸው ነው፤ በሚመጣው ዓመት ክበቡ ሥራውን የሚጀምረው ዲስትሪቢዩተሩን በማውረድ ይሆናል።