ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እና የ«ተቀበል» ጉዳይ

ክቡር አዘጋጅ፦

የባህል መሣሪያዎችን በአንድነት ይጫወት ስለነበረው ቡድን፣ ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብሁት። የሚያስታውሰው ሰው እየተመናመነ በሄደበት ጊዜ መጻፋችሁ ያስመሰግናል። ቡድኑን «ፈረንጆች የፈጠሩት» ብሎ ማለፍ ግን ግማሹን ታሪክ መተው ነው፤ የተተወው ግማሽ ደግሞ እኛን ጎጃሜዎችን በቀጥታ ይመለከተናል።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ቡድኑን ያቋቋመው ትውልደ ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ነው። እሱ ሲሄድ አሜሪካዊው ጆን ኮ ተረከበው። ከ1966 ጀምሮ በ1975 እስኪፈርስ ድረስ ግን መሪው ተስፋዬ ለማ ነበር። ከ12 ዓመት ዕድሜው ዘጠኙን የመራው ማን እንደሆነ ቆጥሮ መድረስ አያዳግትም። የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር የሆነው የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አባል ሆኖ የመጣው ቻርለስ ሰተን እንኳ ማሲንቆ የተማረው ከጌታመሳይ አበበ ነው፤ መምህሩ ማን፣ ደቀ መዝሙሩ ማን እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

«የባህል መሣሪያዎችን አንድ ላይ አሰማ» የምትለዋን ነገር በአንድ መስመር አልፋችኋታል። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን በራሱ ድምፅ ልክ ቃኝቶ ብቻውን ይዘፍናል። በገና አሥር አውታሩን ይዞ ለብቻው ይደረደራል። እምቢልታ ነፊ ከአንድና ከሁለት ድምፅ በላይ ስለማይሰጥ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞሉታል። እነዚህን ሰብስቦ በአንድ ቅኝት ማስኬድ ቀልድ አይደለም። የክራር አውታር ይከርራል፣ ይላላል፤ የማሲንቆም ጭራ እንዲሁ። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ተበሳ፤ ሸምበቆ አይቃኝም። ስለዚህ ወይ ነፊው ረጅምና አጭር ዋሽንቶችን ደርድሮ ይመጣል፣ ወይ የቀረው ሁሉ ለእሱ ይታዘዛል። እስከ ሠላሳ ሰው የሚደርስ ቡድን በአንድ ሸምበቆ ሲታዘዝ አስቡት!

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለቴ አይደለም። በሠርግ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር አዝማሪው ይቀበላል፤ የራሱን ይጨምራል፤ ዜማውን እንደ ግጥሙ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ብዙ ሰው አብሮት ሲጫወት ግን መግቢያውም መውጫውም አስቀድሞ ይወሰናል። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ያሉ የቅኔ ቤቶች የሚገኙበት፣ ሰሙን ከወርቁ እየለየ የሚያደምጥ ሕዝብ ይህ ጉድለት አይጠፋውም።

በዚህ የተነሳ ቡድኑን አልኮንነውም። «አዝማሪ» መባል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ዘመን ማሲንቆ መቺውን ከዩኒቨርሲቲ መድረክ አድርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ከአባላቱ የተወሰኑት «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብለው አሜሪካን ዞረዋል፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ታይተዋል። (ዓባይን ስሙን ሲያውሱት ጎጃምን ያስፈቀደ አልነበረም፤ ይሁን፣ ምሕረት አድርገናል።)

የሚያናድደኝ የዛሬው ነው። በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም «የባህል ሙዚቃ» እየተባለ ከሚቀርበው ብዙው በኪቦርድ የታጀበ ነው። ያኔ ሁሉም ለሸምበቆው ይታዘዝ ነበር፤ አሁን ማሲንቆውም ዋሽንቱም ለኪቦርዱ አዳሪ ሆነዋል። «ተቀበል» ደግሞ እንደ ድሮው ቦታ የለውም፤ ግጥሙ ተጠንቶ፣ ሰዓቱ ተለክቶ ይመጣል። የኦርኬስትራውን ዕዳ ወርሰን ንብረቱን ጥለናል ማለት ነው። ልዩነቱን በጆሮው ማረጋገጥ የሚፈልግ፣ «ኢትዮፒክስ» ከተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 23ኛ ቅጽ ሙሉ በሙሉ የዚህ ቡድን ሥራ ነውና ያድምጠው።

የዞን ባህል መምሪያዎች ለየቡድኖቻቸው አዲስ ጥልፍ ልብስ ከማሰፋታቸው በፊት ኪቦርድ የማይገባበት ዝግጅት ያሰናዱ፤ ከዚያም ውስጥ አንድ አዝማሪ ብቻውን ወጥቶ ከታዳሚው ግጥም የሚቀበልበት ጊዜ ይለዩ። እናንተም በሚቀጥሉት እትሞች ከጎጃም አረጋውያን አዝማሪዎች ጋር ቃለ መጠይቅ ብታደርጉ፣ ስለ ሕይወታቸው ብቻ ሳይሆን ማሲንቆውን እንዴት እንደሚቃኙ፣ ዋሽንቱን በምን ልክ እንደሚበሱ ጠይቋቸው። ቃለ መጠይቁን ስታደርጉም መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ።

የቀድሞ የሙዚቃ መምህር
ከደብረ ማርቆስ